ስም ያልተጻፈበት ጠርሙስ

የአባቴ የእንጨት ሣጥን፣ የጎረቤታችን ልጅ ዓይን እና ሳሎኔ ውስጥ የደረደርኳቸው አሮጌ የላቦራቶሪ ዕቃዎች ያስተማሩኝ

ይህን መጽሔት ለአፍታ አስቀምጡና ወደ ማዕድ ቤታችሁ ግቡ። ከዕቃ ማጠቢያው ሥር ያለውን በር ክፈቱ። ስንት ጠርሙስ አያችሁ? ከእነዚያ መካከል ውስጡ ያለው ነገርና ላዩ ላይ የተጻፈው ነገር አንድ የሆነው ስንቱ ነው?

እኔ ባለፈው ወር ይህንኑ አድርጌ ዘጠኝ ቆጠርኩ። አራቱ የታሸገ ውሃ የመጣባቸው ፕላስቲኮች ነበሩ። በአንደኛው በረኪና፣ በሁለተኛው ከሱቅ በሊትር የተቀዳ ፈሳሽ ሳሙና፣ በሦስተኛው ለመጸዳጃ ቤት የሚሆን አሲድ አለ። አራተኛውን ከፍቼ ለማሽተት ፈራሁ። ምን እንደሆነ የምታውቀው ቤታችንን የምታግዘን ልጅ ብቻ ነበረች፤ እሷም ያን ዕለት እረፍት ላይ ነበረች።

ሥራዬ ማርኬቲንግ ነው። አንድ ምርት ገበያ ላይ ከመውጣቱ በፊት ሌብሉ ላይ ስለሚሰፍረው ስም፣ ስለ ፊደሉ መጠንና ስለ ቀለሙ ሳምንታት ሙሉ እንከራከራለን። ቢሮ ውስጥ እንዲህ የምሟገተው ሰው ቤቴ ስገባ አሲድ በውሃ ፕላስቲክ አስቀምጣለሁ። ማንንም ቢያሳፍር ከማንም በላይ ማፈር ያለብኝ እኔ ነኝ። ስም ያልተጻፈበት ጠርሙስ ምን እንደሚያደርግ በአሥራ ሁለት ዓመቴ አይቼዋለሁና።

የአባዬ ሣጥን

አባቴ የአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የላቦራቶሪ ቴክኒሺያን ነበር። ጉለሌ የነበረው ቤታችን ሁለት ክፍልና አንዲት ጓዳ ነበረው። ጓዳዋ ውስጥ፣ ከጤፉ ጆንያና ከበርበሬው እንስራ አጠገብ፣ አረንጓዴ ቀለም የተቀባ የእንጨት ሣጥን ተቀምጧል። ትምህርት ቤቱ አርጅተዋል ብሎ ካስወገዳቸው ዕቃዎች አባዬ ያተረፋቸው ሁሉ እዚያ ነበሩ፦ አፋቸው የተሸረፈ ቢከሮች፣ የሙከራ ቱቦዎች፣ የአልኮል ኩራዝ፣ የሊትመስ ወረቀት፣ ክዳናቸው በሰም የተለሰነ ቡናማ ብልቃጦች።

ቅዳሜ ከሰዓት፣ ቡናው ሦስተኛ ከደረሰ በኋላ፣ አባዬ ሣጥኑን ያወጣዋል። እናቴ «ይሄን መርዝህን ከእህሌ አጠገብ አንሳልኝ» እያለች ትቆጣለች፤ ግን ረከቦቱን ገፋ አድርጋ ቦታ ትለቅለታለች። ሰማያዊው ሊትመስ ሎሚ ሲነካው ሲቀላ፣ ቀዩ ደግሞ የሳሙና ውሃ ሲነካው ሰማያዊ ሲሆን ያየሁት በዚያች ረከቦት አጠገብ ነው።

አንድ ቅዳሜ አባዬ እናቴን ቀለበቷን እንድታወልቅ ነገራትና ከአንዲት ትንሽ ብልቃጥ የሜርኩሪ ጠብታ መዳፌ ላይ አኖረልኝ። የድሮ ሰዎች ባዜቃ የሚሉት ነው። ቀዝቃዛ ነበር፤ በመጠኑ ሲታይ ደግሞ የማይታመን ክብደት አለው። መዳፌን ሳዘነብል ሮጠ፣ ስነካው ሁለት ሆነ፣ ሳቀራርበው ተመልሶ አንድ ሆነ።

«ይሄ ብረት ነው» አለኝ።

«ብረት ይፈስሳል እንዴ?»

«ይሄኛው ይፈስሳል። እስኪረጋ ድረስ እናቀዝቅዘው ካልን ከዜሮ በታች 39 ዲግሪ ማድረስ አለብን።» ከዚያ አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ሲመዝን አንድ ሊትር ሜርኩሪ 13 ኪሎ ተኩል እንደሚመዝን ነገረኝ። ቀለበቱም የወለቀው ሜርኩሪ ወርቅ ሲነካ ስለሚጣበቅበትና ስለሚያነጣው ነበር።

ዛሬ ማንም አባት ይህን እንዲያደርግ አልመክርም፤ ምክንያቱን ወደ ኋላ እመለስበታለሁ። ነገር ግን ልዋሻችሁ አልፈልግም። በሕይወቴ እንደዚያ ቅዳሜ የተደነቅኩበት ቀን ብዙ የለም። ዓለም በዓይን ከምትታየው በላይ እንደሆነች ያመንኩት ያን ዕለት ነው።

በርሜሉ

1996 ዓ.ም. ነበር፤ የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ከእኛ ጋር ግቢ የሚጋሩት ጎረቤቶቻችን ልጅ፣ ሁላችንም ማሙሽ የምንለው፣ ከእኔ በሁለት ዓመት ያንሳል። አባዬ እዚያው ሰፈር የዕድር ስብሰባ ላይ፣ እናቴ ጀርባ ላይ ልብስ ልታሰጣ ወጥታለች። እኛ «ላቦራቶሪ» ልንጫወት ወሰንን። መምህሯ እኔ፣ ተማሪው ማሙሽ። የሣጥኑ ቁልፍ ከጓዳው በር በላይ ሚስማር ላይ ይንጠለጠል ነበር። አውርደን ከፈትን።

ቢከር ውስጥ አባዬ «ሶዳ» የሚለውን ነጭ ዱቄት ጨመርኩ። የሚቀጥለው ውሃ ነው። ከሣጥኑ ጎን የውሃ ፕላስቲክ ቆሟል። ውስጡ ያለው ጥርት ያለ ነው፤ ላዩ ላይ የውሃው ድርጅት ስዕል እንዳለ ነው። ስለዚህ ውሃ ነው። ማሙሽን «ጠጋ ብለህ እይ» አልኩትና ገለበጥኩት።

ውሃ አልነበረም። አባዬ ለአንድ ታክሲ ነጂ ጎረቤታችን የመኪና ባትሪ ሲያስተካክል የተረፈ ሰልፈሪክ አሲድ ነበር። አረፋው እንደ ወተት ገንፍሎ ተፈናጠረና የማሙሽን ግራ ፊት መታው።

አባዬ ጩኸቱን ሰምቶ ሲደርስ አንድም ጥያቄ አልጠየቀም። ልጁን አንስቶ ወደ ግቢው ቧንቧ ሮጠ። ከፈተው። ውሃ የለም። ያን ሳምንት ፈረቃው የእኛ አልነበረም። የእናቴ በርሜል ግን ለልብስ እጥበት ሞልቶ ቆሞ ነበር። አባዬ ማሙሽን መሬት ላይ አጋድሞ ዐይኑን በሁለት ጣቱ ከፍቶ ያዘ፤ «ቅጂ! ዝም ብለሽ ቅጂ! እንዳታቆሚ!» አለኝ። እኔ በጣሳ እየቀዳሁ፣ እናቴ በጆግ እየቀዳች፣ በርሜሉ እስኪጋመስ ድረስ ልጁ ላይ አፈሰስን። ማሙሽ መጮህ አቁሞ መንቀጥቀጥ ሲጀምር እንኳ አባዬ አላቆመም። ከዚያ በኋላ ነው በዚያው በታክሲው ሐኪም ቤት የወሰዱት።

ዓይኑ ተረፈ። ሐኪሙ ያተረፈው ውሃው እንደሆነ ተናገረ። ከጆሮው ሥር እስከ አንገቱ የወረደው ጠባሳ ግን እስካሁን አለ።

ሽማግሌዎች ሲቀመጡ አባዬ «ጥፋቱ የእኔ ነው፤ አሲድ በውሃ ዕቃ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ» አለ። የሕክምናውን ወጪ ከደመወዙ እየቆረሰ ከፈለ። የተናገረው እውነት ነበር፤ ግን እውነቱ ሁሉ አልነበረም። ቁልፉን ማን እንዳወረደ ማንም አልጠየቀም፤ እኔም አልተናገርኩም።

ሣጥኑ በሚስማር ተመታ። ቅዳሜ ከሰዓት ከቡና በኋላ ሬዲዮ ብቻ ሆነ። አባዬ ስለዚያ ቀን አንድ ቃል አልተነፈሰም፤ ዱቄቱ ለምን እንደገነፈለ እንኳ አልነገረኝም። ያወቅኩት ዘጠነኛ ክፍል ስገባ ነው። አሲድና ሶዳ ሲገናኙ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የተባለ ጋዝ በኃይል ይወጣል፤ መምህሩ ሰሌዳው ላይ በአንድ መስመር ጻፈው። ሦስት ዓመት የተሸከምኩት ነገር አንድ መስመር ብቻ እንደነበረ ሳይ አንገቴን ደፋሁ። ኬሚስትሪ ጥሩ ውጤት ነበረኝ። ዩኒቨርሲቲ ስገባ ግን ቢዝነስ መረጥኩ።

ሌሎችም ነክተውታል

ካደግኩ በኋላ ስለ ኬሚስትሪ ሰዎች ማንበብ ጀመርኩ። ምናልባት እንደ እኛ ቤት ያለ ሌላ ቤት እየፈለግኩ ይሆናል። ብዙ አገኘሁ።

ስዊድናዊው ካርል ሼለ ፋርማሲስት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1774 ክሎሪንን ያገኘው እሱ ነው። ያገኘውን ነገር ሁሉ የመቅመስ ልማድ ነበረው። በ1786 ሲሞት ገና 43 ዓመቱ ነበር፤ ብዙዎች ለሞቱ አብረውት የኖሩትን መርዞች ምክንያት ያደርጋሉ። ማሪ ኩሪ ራዲየም ያለባቸውን ቱቦዎች በኪሷ ይዛ ትንቀሳቀስ ነበር። በ1934 በደም ሕመም ሞተች፤ የላቦራቶሪ ደብተሮቿ ዛሬም ጨረር ስለሚያወጡ ፓሪስ ውስጥ በእርሳስ በተለበጠ ሣጥን ይቀመጣሉ።

ለንደን ተወልዶ ያደገው የነርቭ ሐኪምና ጸሐፊ ኦሊቨር ሳክስ ደግሞ በ2001 ባሳተመው የልጅነት ማስታወሻው የአምፖል ክር ያመርት ስለነበረ አጎቱና ቤት ውስጥ ስለነበረው የራሱ ላቦራቶሪ ይተርካል። መጽሐፉን ሳነብ አባዬንና አረንጓዴውን ሣጥን አየሁ። አሜሪካ ውስጥ በ1950 ጊልበርት የተባለ የመጫወቻ ድርጅት እውነተኛ የዩራኒየም ማዕድን ናሙና የያዘ የልጆች «የአቶሚክ ኃይል ላቦራቶሪ» በ50 ዶላር ገደማ ይሸጥ ነበር፤ ገበያ ላይ ግን ብዙም አልቆየ።

እነዚህን ታሪኮች የማነሳው ለማስፈራራት አይደለም። መደነቁና ጉዳቱ ከአንድ ብልቃጥ እንደሚወጡ ለማሳየት ነው። ብልቃጡን ብንደብቅ መደነቁም አብሮ ይደበቃል። ክፍቱን ብንተወው ማሙሽን እናገኛለን።

«ቁራሌው!»

የመጀመሪያ ሥራዬን ይዤ ቤት የተከራየሁ ሰሞን፣ አንድ እሑድ ጠዋት ቁራሌው በሰፈራችን ያልፋል። ከጆንያው አፍ ላይ አንዲት ቢከር ብቅ ብላ አየሁ። ለቡና ስኒ ያህል ዋጋ ገዛኋት። አጥቤ ወደ ብርሃን ሳነሳት ግርጌዋ ላይ «ጄና» የሚል ማህተም አገኘሁ።

ጄና የጀርመን ከተማ ናት። ኦቶ ሾት የተባለ ሰው በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ገደማ ቦሮን የተቀላቀለበትን መስታወት የሠራው እዚያ ነው። ተራ መስታወት ሲሞቅ ይለጠጣል፣ በድንገት ሲቀዘቅዝ ይሰነጠቃል። ቦሮን ያለበት ግን መለጠጡ በጣም ትንሽ ስለሆነ እሳት ላይ ቆሞ ይችላል። እናቶቻችን የሚያውቁት ፓይሬክስም የዚሁ ዘር ነው፤ አሜሪካ ውስጥ ለገበያ የቀረበው በ1915 ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ጄና የምሥራቅ ጀርመን ከተማ ሆነች፤ ምሥራቅ ጀርመን ደግሞ የደርግ ወዳጅ ነበረች። ያቺ ቢከር በዚያ ዘመን መጥታ ስንት ተማሪ እንዳየባት ሳስብ ከመደርደሪያዬ ላይ ማንሳት አልቻልኩም።

እንዲህ ተጀመረ። ቅዳሜ ቅዳሜ መርካቶ ምናለሽ ተራ መሄድ ለመድኩ። ቆርቆሮ ከሚቀጠቅጡትና አሮጌ ብረት ከሚሸጡት መካከል እየተሽሎከለኩ ረጅም አንገት ያለው ፍላስክ፣ የነሐስ ማይክሮስኮፕ፣ የሸክላ መውቀጫ ከነዘነዘናው አገኘሁ። ከሁሉም የምወደው በእንጨትና በመስታወት ሣጥን ውስጥ ያለ ባለ ሁለት ሳህን ሚዛን ነው። ሻጩ «የወርቅ ሚዛን ነው እመቤት፣ ዋጋው እንደ ወርቁ ነው» ብሎ ሲከራከረኝ ዋለ። ሥራዬ ንግድ ነውና እኔም ተከራከርኩ፤ በስተመጨረሻ በእኩሌታው ተስማማን።

አባዬ ቤቴን ሊጠይቅ መጥቶ መደርደሪያውን ያየበት ቀን አይረሳኝም። ብዙ ዝም አለ። ከዚያ ሚዛኑ ፊት ቁጭ ብሎ እግሮቹን በጥንቃቄ እያዞረ አስተካከላቸው። መመዘኛ ድንጋዮቹን በእጄ ላነሳ ስል «በእጅ አይነካም» አለኝ። «የጣትሽ ላብና ቅባት ክብደቱን ይቀይረዋል። ወረንጦ አምጪ።» ከ1996 ወዲህ ስለ ላቦራቶሪ የነገረኝ የመጀመሪያው ነገር ይህ ነበር። ሌላ አልጨመረም፤ እኔም አልጠየቅኩትም። አሁን ብጠይቀው ኖሮ እላለሁ።

ለቅሶ ቤት

አባዬ ያረፈው ከሦስት ዓመት በፊት ነው። ለቅሶው በሦስተኛው ቀን ማሙሽ መጣ። አሁን የሁለት ልጆች አባት ነው። ድንኳኑ ውስጥ አጠገቤ ተቀመጠና «ጋሼ ያን ቀን አሰጠሙኝ ብዬ ነበር እኮ» አለኝ። እያለቀስን ሳቅን።

ሃያ ዓመት ገደማ የያዝኩትን ያኔ ነገርኩት። «ቁልፉን ያወረድኩት እኔ ነኝ። አባዬ ጥፋቱ የኔ ነው ሲል ዝም አልኩ።»

ማሙሽ ገርሞት አየኝ። «ቁልፉን ያወረድኩትማ እኔ ነኝ። በርጩማ ላይ ወጥቼ። አንቺ አልደርስ ብለሽ ነው የላክሽኝ። እኔ ደግሞ ለእማዬ እንዳልነግር ፈርቼ ዝም አልኩ።»

ሁለት ልጆች፣ አንዱ ከሌላው ተደብቀው፣ አንድ ጥፋት ለየብቻ ተሸክመው አድገዋል። አባዬም የራሱን ተሸክሞ ሄደ። ያን ቅዳሜ ማታ አንድ ሰው ሦስታችንንም አስቀምጦ «ምን ሆነ? ለምን ሆነ? ሁለተኛ እንዳይሆን ምን እናድርግ?» ብሎ ቢጠይቀን ኖሮ ምን ያህል ይቀለን እንደነበር እያሰብኩ ወደ ቤቴ ተመለስኩ። አረንጓዴውን ሣጥንም ይዤው ሄድኩ።

ሚጣና ቴርሞሜትሩ

እነሆ ወደ ባለፈው ወር ልመልሳችሁ። ልጄ ሚጣ ስድስት ዓመቷ ነው። መደርደሪያው ላይ ከአባዬ ሣጥን ያወጣሁት የመስታወት ቴርሞሜትር ነበር። ማዕድ ቤት ሆኜ የመስታወት ድምፅ ሰማሁ፤ ቀጥሎ የሚጣን ሳቅ። «እማዬ! ብር! የሚሮጥ ብር!»

መጀመሪያ ያደረግኩት ስህተት ነበር፤ መጥረጊያ አነሳሁ። ደግነቱ ከመጥረጌ በፊት ትዝ አለኝ። መጥረጊያ ጠብታውን ሰባብሮ በየስንጥቁ ይበትነዋል። ቫኩም ደግሞ ይብሳል፤ አሙቆ እንፋሎቱን ቤቱ ውስጥ ይነዛዋል። የሜርኩሪ ትልቁ አደጋ ያለው መንካቱ ላይ አይደለም፤ የማይታየውና የማይሸተው እንፋሎቱ ነው። በሳንባ ገብቶ ነርቭንና ኩላሊትን ይጎዳል፤ አእምሯቸው ገና በማደግ ላይ ላሉ ሕፃናት ደግሞ ይከፋል። በአውሮፓ ባርኔጣ ሠሪዎች የእንስሳውን ጸጉር በሜርኩሪ ውህድ ሲያሰናዱ ኖረው እጃቸው የሚንቀጠቀጠውና ጠባያቸው የሚለወጠው በዚሁ ነበር። ጃፓን ሚናማታ ከተማ ደግሞ ከፋብሪካ ወደ ባሕር የተለቀቀ የሜርኩሪ ውህድ በዓሣ በኩል ብዙ ሺህ ሰው ጎድቷል፤ በሽታው በይፋ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1956 ነው። በከተማዋ ስም የተሰየመው የ2013ቱ ዓለም አቀፍ ስምምነት የሜርኩሪ ቴርሞሜትሮችንና ሜርኩሪ ያለባቸውን የቆዳ ማቅያ ቅባቶች ከ2020 በኋላ እንዳይመረቱና ከአገር አገር እንዳይሸጡ ወስኗል።

ሚጣን ከክፍሉ አወጣሁ፣ መስኮቱን ሁሉ ከፈትኩ፣ የክፍሉን በር ዘጋሁ። ቀለበቴን አወለቅኩ፣ ጓንት አጠለቅኩ። ጠብታዎቹን በሁለት ካርድ እየገፋሁ ሰበሰብኩ፤ የእጅ ባትሪ መሬት ላይ አጋድሜ እያበራሁ የቀሩትን በፕላስተር አነሳሁ። ሁሉንም ክዳኑ በሚጠብቅ ብልቃጥ ውስጥ አደረግኩና «ሜርኩሪ። አትክፈቱ» ብዬ ጻፍኩበት። ላቦራቶሪ ውስጥ የሚሠራ ዘመዳችን መጥቶ ተረከበኝ። አንድ የትኩሳት መለኪያ የሚይዘው ከግማሽ እስከ አንድ ግራም ተኩል ገደማ ነው፤ ፈጥኖ ከተጠራቀመና ቤቱ ከተናፈሰ ብዙ አያስጨንቅም። እኔን ያስጨነቀኝ ሌላ ነው።

ባለቤቴ ማታ ሲመጣ «ነገ ቁራሌው ሲያልፍ ሁሉንም ስጪው» አለኝ። አልተቆጣም፤ ያም ነው የከበደኝ። ልክ ነበር ማለት ይቻላል። ግን አባዬ ያደረገውን ልደግመው ነው። ሣጥኑን በሚስማር መትቶ ዝም ማለት።

በማግስቱ ሁለታችን ተቀምጠን ዕቃውን ለየን። ሁለተኛው ቴርሞሜትርና አሮጌው የደም ግፊት መለኪያ ከቤት ወጡ፤ ግፊት መለኪያው ከቴርሞሜትር በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ሜርኩሪ ይዟል። መሃሉ ነጭ የሆነው የድሮ የብረት መረብም ወጣ፤ ነጩ ነገር ካንሰር የሚያመጣው አስቤስቶስ ሊሆን ይችላልና። ከአባዬ ሣጥን የቀሩትን ሁለት ቡናማ ብልቃጦች ሳንከፍት፣ ሳንነቀንቅ፣ ለዚያው ዘመዳችን ሰጠን። ቢከሮቹ፣ ሚዛኑ፣ ማይክሮስኮፑና መውቀጫው ቀሩ። ከዚያ ማዕድ ቤት ገባን፤ ዘጠኙን ጠርሙስ የቆጠርኩት ያኔ ነው። ሳሎኔን ሳጸዳ አደርኩ እንጂ የባሰው የነበረው ከዕቃ ማጠቢያው ሥር ነበር።

ከርከዴ

ባለፈው ቅዳሜ ከቡና በኋላ ሚጣን ጠራኋት። ከርከዴ አፍልቼ አቀዝቅዤ በጄናዋ ቢከርና በሁለት ብርጭቆ ከፋፈልኩት። በአንዱ ሎሚ ጨመቀችበት፤ ደምቆ ቀላ። በሌላው ጥቂት ቤኪንግ ሶዳ ጨመረች፤ ወደ ሰማያዊና አረንጓዴ ዞረ። ሊትመስ ማለት ይኸው ነው፤ ከሱቅ የሚገዛ፣ ቢጠጣም የማይጎዳ። ሎሚና ሶዳ ስትቀላቅል አረፋው ተነሳ። ትንሽ ደነገጥኩ። እሷ ሳቀች።

«ለምን ተነሳ?» አለችኝ።

ነገርኳት። ስለ ጋዙ፣ ስለ ማሙሽ፣ ስለ በርሜሉ፣ ስለ አያቷ፤ ለስድስት ዓመት ልጅ በሚሆን ልክ። ከጨረስን በኋላ አብረን ማዕድ ቤት ገባን። እኔ ወረቀት ላይ ስም ስጽፍ እሷ እየላሰች በፕላስተር ለጠፈች። የወረቀቱን ጀርባ ማለቴ ነው።

በእናንተ ቤት

• በረኪና፣ አሲድ፣ የቧንቧ ማጽጃ ሶዳና ነጭ ጋዝ በውሃ፣ በለስላሳም ሆነ በዘይት ዕቃ በፍጹም አይቀመጡ። በመጡበት ዕቃ፣ ከነስማቸው፣ ልጅ በማይደርስበትና በሚቆለፍ ቦታ ይሁኑ። በሊትር የተቀዳ ከሆነ ስሙን በትልቁ ጻፉበት።

• በረኪናን ከመጸዳጃ ቤት አሲድ ጋር አትቀላቅሉ። የሚወጣው ክሎሪን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1915 ቤልጂየም ውስጥ ኢፕር ላይ በጦር መሣሪያነት የተለቀቀው ያው ጋዝ። አሞኒያ ካለበት ማጽጃ ጋርም እንዲሁ አይቀላቀልም። ቤታችሁን የምታግዛችሁ ልጅ ይህን እንደምታውቅ አረጋግጡ፤ ጠርሙሱን የምትይዘው እሷ ናትና።

• ዓይን ወይም ቆዳ ላይ ከፈሰሰ ወዲያውኑ በንጹህ ውሃ ቢያንስ ለ20 ደቂቃ እጠቡ፤ የነካውን ልብስ አውልቁ። ቅባት፣ እንቁላል ወይም የጥርስ ሳሙና አትቀቡ። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር አንድ የተሞላ ጀሪካን ሁልጊዜ ይኑራችሁ።

• ልጅ ከጠጣ አታስመልሱት። አሲድም ሆነ ሶዳ ሲመለስ ጉሮሮውን ሁለተኛ ያቃጥላል፤ ነጭ ጋዝ ደግሞ ወደ ሳንባ ይገባል። ወተትና ዘይት እየጋታችሁ ጊዜ አታጥፉ። ጠርሙሱን ይዛችሁ ወደ ሐኪም ቤት ሩጡ፤ የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 ነው።

• ሜርኩሪ ከፈሰሰ ልጆችን አውጡ፣ መስኮት ክፈቱ። መጥረጊያም ቫኩምም አትጠቀሙ፤ ፍሳሽ ውስጥም አትድፉት።

• አሮጌ ዕቃ የምትሰበስቡ ከሆነ መስታወቱንና ነሐሱን ውደዱ፤ ውስጡ የቀረውን ግን አትመኑ።

ከሁሉም በፊት ግን ለልጆቻችሁ ንገሯቸው። «አትንኩ» ብቻ አይበቃም፤ እኔም አትንኪ ተብያለሁ። ምን እንደሆነ፣ ለምን እንደማይነካ፣ ቢፈስ ምን እንደሚደረግ ንገሯቸው። አጥፍተው ሲመጡም ጥያቄያቸውን ሳትሰሙ በሩን አትዝጉ።

የአባዬ አረንጓዴ ሣጥን አሁን ሚጣ ክፍል ውስጥ ነው። ሚስማሮቹን ነቅዬ አሸት አድርጌዋለሁ። በውስጡ ከርከዴ፣ ሎሚ፣ ማግኔት፣ አጉሊ መነጽርና የአያቷ ወረንጦ አለ። ክዳኑ ላይ ምን እንደሚጻፍ ጠየቅኳት። ብዙ ካሰበች በኋላ በራሷ ፊደል «የሚጣ ላቦራቶሪ። ጠይቃችሁ ክፈቱ» ብላ ጻፈችበት።